ዘራችሁን ለማስቆጠር ማን ዘንድ ትሄዳላችሁ? አዛውንት፣ ደብር፣ መዝገብ ቤት ወይስ ዲኤንኤ

ሥራዬን ስናገር ግማሹ ሰው ይስቃል። ሌላው ግማሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እስቲ የኛንም አጣራልን" ይላል። የትውልድ ሐረግ አጥኚ ነኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አልፎ አልፎ ትምህርት ቤትና ማኅበር እየጠራኝ ስለ ቤተሰብ ታሪክ አወራለሁ። አውርቼ ስጨርስ የሚነሳው ጥያቄ ሁሌ ያው ነው። "ማን ይሻላል? ሽማግሌ ልጠይቅ? ደብር ልሂድ? መዝገብ ቤት ልግባ? ወይስ ምራቄን ልላክ?"

አንዱን መርጬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እያንዳንዱ የሚያውቀው አለ፤ የሚደብቀውም አለ። ስለዚህ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ለምን ፈለጋችሁት? ለሰርግ? የጠፋ ዘመድ ለማግኘት? ለልጆቻችሁ ጽፋችሁ ለማስቀመጥ? ወይስ ዝም ብሎ እየከነከናችሁ?

አያቶቻችን ለምን ቆጠሩ?

በጎጃም ዘር የሚቆጠረው በዋናነት ለመሬት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። ከሱ የተወለደ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ፣ "ከርስቱ ድርሻ አለኝ" ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሚጠበቅበት መቁጠር ነው። ከራሱ ተነስቶ፣ ስም በስም፣ እስከ ዋናው አባት። ከዋናው አባት በታች መሬቱን የተካፈለ ምንዝር አባት አለ። ተወላጆቹን ወክሎ የሚቆም ፈጅ የሚባል ሰውም ነበር። በ1950ዎቹ አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አጥኚ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሁሉ በዝርዝር መዝግቧል። ሥርዓቱ ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ይህን የማነሳው ለታሪክ ትምህርት አይደለም። ዛሬ ከሽማግሌ የምትሰሙት ቆጠራ ከዚያ የርስት ክርክር የተረፈ ነው። መሬት ያስገኘ አያት ይታወሳል፤ ያላስገኘው ይረሳል። በመሃል ያሉ ሁለት ሦስት ስሞች ለክርክሩ ካላስፈለጉ ይዘለላሉ። ለሃምሳ ዓመት አብሮ ያረሰ ባዳ ደግሞ ቀስ በቀስ ዘመድ ሆኖ ይቆጠራል። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። ቆጠራው የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው እንጂ።

ጥሩ ጎንም አለው። በእናት በኩልም ርስት ስለሚገኝ የእናት ወገን አልተጣለም። ሌላ አገር ወንድ ብቻ የሚቆጥር ብዙ ነው። እዚህ ግን አንድ የሰባ ዓመት ገበሬ የእናቱን እናት አባት ሳያመነታ ይጠራላችኋል።

ሁለተኛው የመቁጠሪያ ምክንያት ጋብቻ ነው። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ነውር ነው። ይህ ቆጠራ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ጎንም ይሰፋል። ማን የማን የአክስት ልጅ እንደሆነ፣ ማን የት መንደር እንዳገባ። ይህን ደግሞ በኔ ልምድ ሴቶች ይበልጡታል። የመሬቱን ከወንዶቹ ጠይቁ፣ የዘመዱን ከሴቶቹ። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ሽማግሌ ብቻ ሳሳድድ ኖርኩ።

አዛውንት፦ ርካሹና የማይጠብቀው

ደጋ ዳሞት ካለችው ከፈረስ ቤት ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ አንዲት እማሆይ ዘንድ ሄጄ ነበር። የወንድማቸውን ቆጠራ ቀድሜ ጽፌ ይዣለሁ። እሳቸው ቡና እየቆሉ ነው። "በቃል አይሆንልኝም" አሉና ከብረት ምጣዱ ጥሬ ፍሬ እያነሱ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ይደረድሩ ጀመር። አንድ ፍሬ አንድ ሰው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለት ፍሬ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

"እነዚህ ሁለቱ አባትና ልጅ ናቸው፣ እማሆይ?" አልኩ። ወንድማቸው እንደዚያ ብለውኝ ነበር።

"ኧረ አንድ ሰው ነው ልጄ" አሉ። "ይኸኛው የዓለም ስሙ፣ ይኸኛው የክርስትና ስሙ።"

አንዱን ፍሬ አንስተው ምጣዱ ላይ መለሱት። አንድ ትውልድ እዚያው ተቆላ። እኔ ሦስት ወር የደከምኩበት ሐረግ በአንድ ሰው አጠረ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት አዛውንት ለየብቻ ሳልጠይቅ ምንም አልጽፍም። አንድ ላይ ካስቀመጣችኋቸው በዕድሜ የሚበልጠው ያወራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ለየብቻ ሲሆኑ ግን የሚለያዩበት ቦታ ይታያል። ልዩነቱን አትፍሩት። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

"ስንት ዓ.ም. ነው?" ብላችሁም አትጠይቁ። "ክፉ ቀን ሲመጣ ተወልደው ነበር?" በሉ። ክፉ ቀን ከብቱ ያለቀበትና ሰው የተራበበት ዘመን ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ። ከዚያ በፊት እምባቦ አለ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ የተሸነፉበት፣ 1874። ዐድዋ 1888። የኅዳር በሽታ 1911። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933። እነዚህ አምስት ችንካሮች ናቸው፤ የሰውን ዕድሜ የምሰቅለው እነሱ ላይ ነው። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት አድርጋችሁ ስታሰሉ ቆጠራው ካልገጠመ፣ ወይ የተዘለለ አለ ወይ እንደ እማሆይ ቡና የተደገመ።

የላይኞቹ ዘመዶች መጠሪያም ያምታታል። ከቅድመ አያት በላይ ቅማት፣ ሽማት፣ ምንዥላት፣ እንጅላት እያለ ይወጣል። አንዱ መንደር የሚያስቀድመውን ሌላው ያስከትለዋል። ስለዚህ መጠሪያውን ትታችሁ "የእገሌ አባት ማነው?" እያላችሁ አንድ በአንድ ውጡ።

ወጪው የአውቶቡስና የስኳር ነው። ግን አዛውንት አይጠብቅም። አንድ ጊዜ የአንድ አባት የሁለት ሰዓት ወሬ በስልኬ ቀድቼ፣ ቦታ ሞልቶ ኖሮ ግማሹ አልተቀዳም። "በሚቀጥለው ክረምት እመለሳለሁ" አልኩ። በሚቀጥለው ክረምት ተዝካራቸውን በላሁ። መዝገብ ቤት ለዓመታት ይቆያችኋል። ምንም መንገድ ብትመርጡ አዛውንቱን አስቀድሙ። መንገዱ አላስኬድ ሲል በስልክም ቢሆን።

ደብር፦ ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደ ፈረንጅ አገር የሁሉንም ጥምቀት ከጥንት ጀምሮ የያዘ መዝገብ ያለ ይመስለዋል። የለም። ክርስትናው በ40 እና በ80 ቀን ይነሳል እንጂ ያ ሁሉ በወረቀት አልሰፈረም።

ያለው ሌላ ነው። እንደ መርጡለ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ ባሉ ጥንታውያን አድባራት፣ የጉልትና የመሬት ጉዳይ በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ እነማን ምስክር ሆኑ። ቅድመ አያታችሁ መኳንንት ወይም የደብሩ ካህን ከነበሩ እዚያ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ተራ ገበሬ ከነበሩ ተስፋችሁ ቀጭን ነው። አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ሦስት ቀን በበቅሎ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ብትሄዱም ደንቡን ጠብቁ። ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ያዙ። አለቃውንና ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። ግእዙን የሚያነብ መሪጌታ ይኑራችሁ። የመጽሐፉን ፎቶ ያለፈቃድ አታንሱ። የተሰረቀ ብራና ስንት እንዳለ ስለሚያውቁ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ሌላ አማራጭም አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንስቷል። ቅጂው አዲስ አበባም አሜሪካ ሚኒሶታም አለ። የምትፈልጉት መጽሐፍ ተነስቶ እንደሆነ ከመንገዳችሁ በፊት ማጣራት ነው።

ለተራው ቤተሰብ ግን ከአለቃው ይልቅ የንስሐ አባቱ ይጠቅማል። የቤቱን ሁሉ የክርስትና ስም የሚያውቀው እሱ ነው። ለሙታን ጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ የዓለም ስሙ የተረሳ አያት በወልደ እገሌነቱ ተርፎ ይገኛል።

መዝገብ ቤት፦ ክርክር ያለበትን ፈልጉ

እኔ የማደላው ለዚህ ነው፤ ብታዩብኝ አትፍረዱ። ጎጃሜ ይከራከራል። በርስት የተካሰሰ ሰው ሐረጉን ዳኛ ፊት መቁጠር ስለነበረበት፣ አንዳንድ የክስ መዝገብ ውስጥ ሙሉ የዘር ቆጠራ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የሚገርመው፣ የተከሳሹም አብሮ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈው፣ አንዱ የአንዱን እየናደ። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሰነዶች ማእከል መነሻ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ። ስትፈልጉ የቦታ ስም መለወጡን አትርሱ። ደብረ ማርቆስ በድሮ ወረቀት መንቆረር ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሳምንት ሙሉ "ስለ ከተማው ምንም የለም" እያለ ሲያማርር ነበር።

የማታገኙትም አለ። ሸዋ ውስጥ መሬት በቀላድ ተለክቶ ባለርስቱ ተመዝግቧል። ጎጃም ልኬትን እምቢ አለ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም ገበሬው አመፀ፤ ተለክቶ መመዝገብ ርስትን ማጣት መስሎት። አያቶቻችን መሬታቸውን አተረፉ፤ እኛ መዝገቡን አጣን። ይህ ጉድለት የሚካካሰው በቤት ሳጥን ነው። የግብር ደረሰኝ የባለርስትነት ማስረጃ ስለነበር ሰው እንደ ታቦት ይዞታል። ከአያታችሁ ሳጥን ግርጌ የተጣጠፈ ቢጫ ወረቀት ካለ፣ ከማንኛውም ቢሮ በፊት እሱን ክፈቱ።

አዲሶቹ ወረቀቶች ለቅርብ ዘመድ ይሆናሉ። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይዟል። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ክረምት ነው። የልጅ ልጆቻችሁ ያመሰግኑታል፤ ለቅማታችሁ ግን አይረዳም።

ዲኤንኤ፦ ብዙ የሚጠበቅበት

መቶ ዶላር ገደማ ከፍሎ ምራቅ መላክ ዘመናዊ ይመስላል። ዘመድ ውጭ አገር ሲኖር ደግሞ ቀላል ነው። ግን ምን እንደሚመልስ እንወቅ።

ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚያልፍ ዲኤንኤ አለ፤ የወንዶቹን መስመር ያሳያል። ከእናት ወደ ልጆች ሁሉ የሚያልፍ አለ፤ የእናት እናት እናት እያለ ይሄዳል። ሁለቱም ከሰፊው ዛፍ አንዳንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ናቸው። ሦስተኛው ከሁሉም ወገን የመጣውን ያያል። ይኸኛው ግን በየትውልዱ በግማሽ ይሳሳል። ከአያት ሩብ ገደማ፣ ከቅድመ አያት ስምንተኛ። አባትን አንድ ብላችሁ ብትቆጥሩ ሰባተኛው ላይ 128 ወላጆች አሏችሁ፤ ከእያንዳንዳቸው የሚደርሳችሁ በአማካይ ከመቶ አንድ አይሞላም። በቅድመ አያት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች በምርመራው ይታያሉ። አንድ ትውልድ ወደ ላይ ወጥተው የሚገናኙ ከሆነ ግን ከአሥር አንድ ያህሉ ምንም የጋራ ነገር ላይታይባቸው ይችላል። እነሱ በኛ ባህል ገና ሰባት ቤት አልሞሉም!

ስለዚህ ለጋብቻ ጥያቄ ዲኤንኤ አክስታችሁን አያክልም። "ከየትኛው ጎሳ ነኝ?" ለሚልም ብዙ አይረዳም። ኩባንያዎቹ ያላቸው የኢትዮጵያዊ ናሙና ትንሽ ስለሆነ፣ አገሩን በጥቅሉ ጠርተው ያቆማሉ። በዚያ ላይ የጎጃም ደም አማራ፣ አገው፣ ኦሮሞ እያለ የተቀላቀለ ነው፤ በጎጃም ያለው ሜጫ የኦሮሞ ስም መሆኑ ራሱ ይመሰክራል። ንጹሕ ዘር የሚል ውጤት ቢመጣ እኔ አላምነውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ዲኤንኤን ማንም አይደርስበትም። በጉዲፈቻ ውጭ አገር ሄዶ ያደገ ልጅ ስም የለው፣ መንደር የለው። የሚጠይቀው አዛውንት የለም። ወደ ውጭ የሚሰጥ ጉዲፈቻ በ2010 ቢከለከልም፣ ከዚያ በፊት የሄዱት አሁን አድገው ዘመድ እየፈለጉ ነው። ለእነሱ የመጀመሪያው በር ይህ ነው። እዚህ ያለ ዘመድ ካልተመረመረ ግን በሩ ወደ ባዶ ቤት ይከፈታል።

የመረጃውንም ነገር አስቡበት። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ በመጋቢት 2017 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ፣ ደንበኞቹ "ምራቃችን ማን እጅ ሊገባ ነው?" ብለው ሲጨነቁ ነበር። የእናንተ ምራቅ የወንድማችሁም ነው። ቢያንስ ንገሩት።

ባለሙያ መቅጠር፦ የኔው ገበያ

እዚህ ሚዛኔ ሊያጋድል ይችላል፤ እያወቃችሁ አንብቡ። እኔም ሥራውን ሳልጀምር ተበልቻለሁ። አንድ ሰው የቤተሰባችንን ሐረግ አጣራለሁ ብሎ ተቀበለን። ከወር በኋላ በወርቃማ ቀለም ያጌጠ ወረቀት አመጣ። ከአባቴ ተነስቶ ንጉሥ ሰለሞን ይደርሳል። እናቴ እልል አለች። እኔ ስሞቹን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ናቸው። አሥራ አራት በሠላሳ 420 ዓመት ነው። ሰለሞን የነበረው ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ መቶ ስም ያስፈልጋል። ሰማንያ ስድስቱ አያቶቼ የት ገቡ? ሰውየው ስልክ አያነሳም።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሙያ ማረጋገጫ የሚሰጥ ቦርድ አለ፤ የተቋቋመው እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ነው። ሥራውን የሚለካበት ነጥብ አምስት ነው። የሚፈለገውን ያህል ተፈልጓል ወይ? እያንዳንዱ ነገር ከየት እንደመጣ ተጽፏል ወይ? ማስረጃው ተመዝኗል ወይ? የተጋጨው ተፈቷል ወይ? መደምደሚያው ከነምክንያቱ ተጽፏል ወይ? በየትኛውም አገር የምትቀጥሩትን ሰው በነዚህ ጠይቁት። ለእያንዳንዱ ስም "ይህን ማን ነገረህ?" ስትሉት ፊቱ ከተለወጠ ሂሳባችሁን አንሱ።

ክፍያውን በተገኘ ስም አታድርጉት። በስም የሚከፈለው ሰው ስም ይወልዳል። በቀን ወይም በሰዓት ተስማሙ። "ፈልጌ አጣሁ" የሚልበትም ገጽ በዘገባው ይኑር።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም። ባለፈው ከውጭ አገር የደወለ ልጅ ገና ሰላም ሳንባባል "ዋጋህ ስንት ነው?" አለኝ። ነገሩን ስጠይቀው ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ቤተሰቦች ቢቸና ናቸው፤ የእናቱም ወገን ከዚያው ነው። "እናትህ እህት አላቸው?" አልኩት። አሉ። ደውሎ ጠየቃቸው። አክስቲቱ በስልክ አሥር ደቂቃ ቆጥረው "ስምንት ቤት ነው፣ አግባ" አሉት። እኔ ምንም አልበላሁም። የክስ መዝገብ ማገላበጥ፣ ግእዝ ማስነበብ፣ የተጋጨ ቆጠራ ማስታረቅ ሲመጣ ግን ደውሉ።

የት ትጽፉታላችሁ?

ደብተር አይሰረዝም፣ መብራት አይፈልግም፤ ግን አንድ ነው፣ ይቃጠላል። እንደ ግራምፕስ ያለ ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰፊ ዛፍ ይችላል። ችግሩ የቤተሰብ ስም ይጠይቃችኋል። እኛ ያ የለንም። አንዳንዱ የአያቱን ስም እዚያ ይሞላና፣ የአጎቶቹ አያት ሌላ ስለሆነ፣ አጎቶቹ ከሱ ጋር የማይዛመዱ ይመስላሉ። የአባቱን ስም ጻፉና ዓይነቱን "የአባት ስም" ብላችሁ ምረጡ፤ የቤተሰብ ስም አድርጋችሁ አትተዉት። የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ የማዕረግ ስም ለየብቻ ይጻፍ። በላይ ዘለቀን በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ብሎ ብቻ የመዘገበ ሰው ሁለት አርበኛ ያገኘ ይመስለዋል።

ፋሚሊ ሰርች የሚባለው ነጻ ነው፤ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ያስተዳድረዋል። ዛፉ ግን የጋራ ነው። የማታውቁት ሰው ገብቶ ቅድመ አያታችሁን ሌላ ሴት ሊያጋባቸው ይችላል። ከተጠቀማችሁ ዋናውን ቤት አስቀምጡ፣ እዚያ ቅጂ ስቀሉ።

ከመስቀላችሁ በፊትም አንድ ነገር አጣሩ። አዛውንት "እሱን ዝለለው" የሚሉት ስም አለ። አንዳንዴ የማደጎ ልጅ ነው። አንዳንዴ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ ተብለው ሲሸሹ የነበሩ ወገን ናቸው። አንዳንዴ ባሪያ የነበረች ሴት ናት፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ነው፤ የልጅ ልጆቿ ዛሬ በመሃላችን ናቸው። እኔ ለራሴ ማኅደር እጽፈዋለሁ፣ አልሰርዝም። ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት ግን የሚመለከታቸውን ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ። ሁለቱ "ጻፈው" ብለውኛል። አንዷ "እኔ እስክሞት ቆይ" አሉኝ፤ ስማቸው እስካሁን ደብተሬ ውስጥ በእርሳስ ነው።